የቢሮ ሕንፃን ደረጃና መውጫ ከእሳት ደህንነት ደንብ አንጻር እንዴት መፈተሽ ይቻላል

እሳት በተነሳበት የቢሮ ሕንፃ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ቀድሞ የሚጎዳው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው። ደንቦች ደረጃን ከፎቅ ወደ ፎቅ መሸጋገሪያ ብቻ አድርገው የማያዩትም ለዚህ ነው፤ በሩን አልፎ የገባ ሰው ደጅ እስኪደርስ ድረስ ጭስና እሳት የማያገኘው የተከለለ መንገድ እንዲሆን ይጠይቃሉ። ይህን አንድ ሐሳብ የያዘ የሕንፃ አስተዳዳሪ፣ ዝርዝር ድንጋጌዎቹ ለምን እንደተጻፉ መረዳት አይቸግረውም። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች በአሜሪካ ከተዘጋጁትና በሌሎች አገሮችም መነሻ ከሚሆኑት ከዓለም አቀፉ የሕንፃ ደንብና ከኤንኤፍፒኤ 101 (የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር የሕይወት ደህንነት ደንብ) የተወሰዱ ሲሆኑ፣ ሕንፃው ያለበት አገር ሕግ የተለየ ልክ ካስቀመጠ ገዢው እሱ ነው።

ፍተሻው የሚጀምረው በሰው ብዛት ነው። የቅርብ ጊዜ እትሞች ለቢሮ የሚያስቡት በአንድ ሰው 14 ካሬ ሜትር ያህል ጠቅላላ ወለል ስለሆነ፣ 1,400 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ፎቅ ወደ 100 ሰው እንደሚይዝ ይቆጠራል። ከ49 ሰው በላይ ለሚይዝ ፎቅ ቢያንስ ሁለት፣ ከ500 በላይ ሦስት፣ ከ1,000 በላይ ደግሞ አራት መውጫ ያስፈልጋል፤ የሕንፃው ቁመት ወይም እስከ መውጫው ያለው ርቀት ከበዛ ግን ለጥቂት ሰውም ሁለት መውጫ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት መውጫ ጎን ለጎን ቢሠራ አንድ እሳት ሁለቱንም ስለሚዘጋቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፎቁ ረጅሙ ሰያፍ መስመር ግማሽ ማነስ የለበትም፤ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) በመላ ሕንፃው ከተገጠመ ወደ ሲሶ ዝቅ ይላል። ከሩቁ ጠረጴዛ እስከ መውጫው በር ያለው የጉዞ ርቀትም ስፕሪንክለር በሌለበት ቢበዛ 61 ሜትር፣ ባለበት ቢበዛ 91 ሜትር ነው። ርቀቱ በፕላን ላይ በቀጥታ ሳይሆን፣ ሰው ጠረጴዛና ግድግዳ እየዞረ በሚሄድበት መንገድ ይለካል።

በእኔ እምነት ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የበሩ ፍተሻ ነው፤ የተከለለውን ደረጃ ከንቱ የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በሩ ነውና። በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ይልቀቁት፤ ከዚያም ስንዝር ያህል ብቻ ከፍተው ይልቀቁት። በሁለቱም ጊዜ በራሱ ተዘግቶ የቁልፉ ምላስ ጎድጓዳው ውስጥ ሲገባ ድምፁ ሊሰማ ይገባል። ገጥሞ የቆመ እየመሰለ ምላሱ ያልገባ በር፣ የእሳቱ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል። በሩን በሽብልቅ፣ በወንበር ወይም በእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር ደግፎ ክፍት ማቆየት ክልክል ነው፤ ክፍት መቆየቱ ግድ ከሆነ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮህ በራሱ የሚለቅ ማግኔት ይገጠምለት። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚጠቀምበት በር ወደ መውጫው አቅጣጫ መከፈት አለበት፤ ከውስጥ በኩልም ያለ ቁልፍ በአንድ እንቅስቃሴ ሊከፈት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ የትራያንግል ሸሚዝ ፋብሪካ ሲቃጠል 146 ሠራተኞች ሞተዋል፤ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ወደ ደረጃ የሚያስወጣ በር ተቆልፎ ነበር። ሌባ ለመከላከል ሲባል በመውጫ በር ላይ ሰንሰለትና ጓጉንቸር የሚያደርግ አስተዳዳሪ ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

ወደ ደረጃው ሲገቡ ሜትር ይያዙ። 50 ሰውና ከዚያ በላይ የሚወርድበት ደረጃ ስፋቱ ቢያንስ 112 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ያነሰ ሰው የሚጠቀምበት 91 ሴንቲ ሜትር ነው። የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ ከ18 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፣ የመርገጫው ጥልቀትም ከ28 ሴንቲ ሜትር አያንስም። በአንድ ተከታታይ መውረጃ ላይ ባሉ እርከኖች መካከል ያለው ልዩነት ከ9.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ በጭስና በጨለማ የሚወርድ ሰው እግሩ የለመደውን ልክ ስለሚከተል፣ አንድ የተዛባ እርከን ይጥለዋል፣ እሱ ሲወድቅም ከኋላው ያሉት ይደራረባሉ። በተለይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን እርከን ይለኩ፤ ማረፊያው ላይ በአሮጌው ወለል ላይ አዲስ ሴራሚክ ሲነጠፍ የሚዛቡት እነሱ ናቸው። የእጅ መደገፊያው በሁለቱም ወገን ከ86 እስከ 96 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሳይቋረጥ መዝለቅ ይኖርበታል።

ደረጃውን የሚከልለው ግድግዳ እስከ ሦስት ፎቅ ለሚያገናኝ ደረጃ 1 ሰዓት፣ አራትና ከዚያ በላይ ለሚያገናኝ 2 ሰዓት እሳት መቋቋም አለበት። ይሁንና የኢንተርኔት ገመድ ለማሳለፍ የተበሳ ቀዳዳ በተገቢው እሳት የሚቋቋም ማሸጊያ ካልተደፈነ ግድግዳው ያን ያህል አይቆይም። ማረፊያ ላይ የተከመረ ካርቶን ወይም ከደረጃው ሥር የተቀመጠ አሮጌ ዕቃ ካለ በዚያው ቀን ይነሳ።

የመጠባበቂያ መብራቱ ኤሌክትሪክ ከጠፋ በኋላ ለ90 ደቂቃ መሥራት አለበት፤ በየወሩ ለ30 ሰከንድ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ለሙሉው 90 ደቂቃ ይፈተናል። ደረጃው ከመውጫው ፎቅ በታች ከመሬት ሥር ወዳለ ፎቅ የሚቀጥል ከሆነ፣ በችኮላ የሚወርዱ ሰዎች መውጫውን አልፈው ወደ ታች እንዳይሄዱ በመውጫው ፎቅ ላይ መከለያ በር ወይም ሌላ ማገጃ ይደረጋል።

ተከራይ ግድግዳ ባነሳ ወይም ባቆመ ቁጥር የጉዞ ርቀቱና የመውጫ ምልክቶቹ ታይነት ስለሚቀየሩ፣ ፍተሻው ሥራው እንዳለቀ ተከራዩ ከመግባቱ በፊት ይደገም፤ የተገኘው ጉድለትና የተስተካከለበት ቀንም በመዝገብ ይስፈር።