ፔኒ ስቶክ ከመግዛትዎ በፊት አዲሱ አክሲዮን ከየት እንደሚመጣ ማስላት

በአሜሪካ ፔኒ ስቶክ የሚባለው በጥቅሉ ከ5 ዶላር በታች የሚሸጥ አክሲዮን ነው፤ እዚህ የምናየው ግን ከትልልቆቹ ገበያዎች ውጭ በሳንቲም የሚገበያየውን ነው። በዚህ ሰፈር ከዋጋው በፊት ብዛቱ ይታያል። ከ200 ሚሊዮን አክሲዮን 2 ሚሊዮኑ የእርስዎ ከሆነ ድርሻዎ 1 በመቶ ነው። ጠቅላላው 500 ሚሊዮን ሲደርስ፣ አንድም ሳይሸጡ 0.4 በመቶ ይቀርዎታል።

ሪፖርት የሚያቀርብ ኩባንያ ሰነድ በኤድጋር፣ ማለትም በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ (SEC) የሰነድ ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ። የሁለት ዓመት የ10-ኪው (የሩብ ዓመት) እና የ10-ኬ (የዓመት) ሪፖርቶችን ይክፈቱና ፊት ገጹ ላይ ያለውን የአክሲዮን ብዛት ከነቀኑ ይመዝግቡ። በመሃል 500 አሮጌ ወደ 1 አዲስ የተጣመረ ከሆነ የቀድሞዎቹን ቁጥሮች ለ500 ያካፍሉ። የተፈቀደው ጣሪያ፣ ማለትም ኩባንያው ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ የአክሲዮን ብዛት፣ አብሮ መቀነሱንም ይመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ አይቀንስም። 500 ሚሊዮኑ 1 ሚሊዮን ሆኖ ጣሪያው 750 ሚሊዮን እንደሆነ ከቀረ፣ 749 ሚሊዮን አዲስ አክሲዮን ለማውጣት በሩ ክፍት ነው።

ዋናው የአዲስ አክሲዮን ምንጭ ወደ አክሲዮን የሚቀየር ብድር ነው። ከሒሳብ መግለጫው ማብራሪያ የብድሩን መጠን፣ የተፈረመበትን ቀን፣ የቅናሹን መቶኛና ቅናሹ የሚሰላበትን ዋጋ ያውጡ። 50,000 ዶላር በ40 በመቶ ቅናሽ የሚቀየር ነው እንበል። ገበያው 0.02 ዶላር ሲሆን አበዳሪው በ0.012 ቀይሮ 4.2 ሚሊዮን ገደማ ይወስዳል። ገበያው 0.005 ከወረደ ያው ብድር 16.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ቅናሹ የሚሰላው ብዙውን ጊዜ ካለፉት 10 ወይም 20 የግብይት ቀናት ዝቅተኛ ዋጋ ላይ ስለሆነ፣ ዋጋው ቢያገግምም አበዳሪው የሚቀይረው በወለሉ ነው። በቋሚ ዋጋ የሚቀየር ብድር ከዚህ በብዙ ይሻላል።

የፊርማው ቀን የሚያስፈልገው «ደንብ 144» በሚባለው የተቆጣጣሪው ደንብ ምክንያት ነው። ሪፖርት የሚያቀርብ ኩባንያን በተቆጣጣሪው ዘንድ ያልተመዘገበ አክሲዮን የወሰደ ሰው ከመሸጡ በፊት 6 ወር መያዝ አለበት፤ ብድሩ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሲቀየር ግን ጊዜው የሚቆጠረው ከብድሩ ቀን ነው። ቀኑ ላይ 6 ወር ይደምሩ፤ የሽያጭ ጎርፍ የሚጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

የውስጥ ሰዎቹ መንገድ ድምፅ የለውም። ያልተከፈለ የኃላፊ ደመወዝ በዕዳ ይመዘገብና ከገበያ በታች ወደ አክሲዮን ይቀየራል፤ ከተዛማጅ ወገኖች ጋር ስለተደረጉ ግብይቶች የሚናገረው ማብራሪያ ውስጥ ያገኙታል። ከተራው የተለየ መብት የሚሰጥ ፕሪፈርድ አክሲዮንም አለ፦ 1 ሚሊዮን ፕሪፈርድ እያንዳንዱ ወደ 100 ተራ የሚቀየር ከሆነ 100 ሚሊዮን ይደምሩ። አንዳንዱ ፕሪፈርድ ለባለቤቱ ብቻውን 51 በመቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ያ ሰው ያለ ስብሰባ፣ በጽሑፍ ስምምነት ብቻ ጣሪያውን ሊያነሳ ይችላል። ማሳወቂያው 14ሲ በሚባል ሰነድ፣ ውሳኔው ከመተግበሩ ቢያንስ 20 ቀን በፊት ለባለአክሲዮኖች ይላካል። ተቃውሞዎ ውሳኔውን አይለውጥም፤ ጊዜው ለመውጣት ይጠቅማል።

ኤስ-8 ለሠራተኞችና ለአማካሪዎች የሚሰጥ አክሲዮን የሚመዘገብበት ቅጽ ነው፤ እንደቀረበ ስለሚጸና አክሲዮኑ ሳይውል ሳያድር ገበያ ሊገባ ይችላል። ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሊሆን አይፈቀድለትም። ሦስት ሠራተኛ ያለው ኩባንያ 50 ሚሊዮን ካስመዘገበ ግን ከእኛ ምክር አይጠብቁ፤ ይራቁ።

ኃላፊዎች ሲሸጡ ቅጽ 4 በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ይቀርባል። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ቅጽ 4 ስላልታየ አልሸጡም ይላሉ። የ10-ኬው ፊት ገጽ በአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ሕግ አንቀጽ 12 የተመዘገበ አክሲዮን «የለም» ካለ፣ ኩባንያው ሪፖርት የሚያቀርበው በዚያው ሕግ አንቀጽ 15(ዲ) ነው ማለት ነው፤ ኃላፊዎቹ ቅጽ 4 የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም፣ የ14ሲ ማሳወቂያም አይመጣም። እንዲህ ባለ ኩባንያ የሁለት ተከታታይ 10-ኬ የባለድርሻ ሠንጠረዦችን ጎን ለጎን አድርገው የእያንዳንዱን ኃላፊ ቁጥር ያነጻጽሩ።