የኤሌክትሮን አክሰለሬተር ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ ቫክዩሙንና ውሃውን እዩ

ኤሌክትሮን አክሰለሬተር ኤሌክትሮኖችን አፍጥኖ እንደ ጨረር በዕቃ ላይ የሚያሳርፍ ማሽን ነው። ጨረሩ ሲደክም የብዙ ኦፕሬተር እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፊላመንቱ (ግሎ ኤሌክትሮን ወደሚያወጣው ሽቦ) ማዞሪያ ነው። «ትንሽ ከፍ እናድርጋት» ይባላል። ይህ ልማድ ፊላመንት ይበላል፣ ችግሩንም ይሸፍናል። ከዚያ በፊት ሁለት ቁጥር እዩ፦ የቫክዩሙን ግፊትና የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት።

የቫክዩሙ ግፊት ከወትሮው ጨምሯል

መንስኤው ወይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው፣ ወይ ከውስጥ ግድግዳ የሚወጣ ጋዝ። ለመለየት ጨረሩን፣ ፊላመንቱንና ከፍተኛ ቮልቴጁን አጥፉ። የፓምፑን ቫልቭ ዝጉና ግፊቱን በየደቂቃው መዝግቡ። በእኩል ፍጥነት መውጣቱን ከቀጠለ ቀዳዳ አለ። መጀመሪያ ፈጥኖ ወጥቶ እየረገበ ከሄደ የውስጥ ጋዝ ነው። ማሽኑ በቅርቡ ተከፍቶ ከነበረ ሁለተኛውን ጠርጥሩ። መፍትሄው ፓምፑን ማቆየትና ጨረሩን ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ እያሉ ማሳደግ ነው።

ቀዳዳ ከሆነ ከውጭ ሂሊየም እየነፋችሁ በሂሊየም መፈለጊያ መሣሪያ ፈልጉ፣ ግን ከላይ ወደ ታች። ሂሊየም ቀላል ነውና ሽቅብ ይሄዳል። ከታች ከጀመራችሁ ደህናው መገጣጠሚያ ይወነጀላል፣ ጥፋተኛው ግን ከበላዩ ያለው ነው።

ቀዳዳ ሲጠረጠር የጨረሩን መውጫ መስኮት አትርሱ። በአንድ በኩል ቫክዩም፣ በሌላው የአየር ግፊት የሚጫነው የቲታኒየም ፎይል ውፍረቱ በአስር የሚቆጠር ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ፎይሉን ቀይራችሁ ዝም አትበሉ፤ የተቃጠለበትን ቦታ ተመልከቱ። ቃጠሎው በአንድ ጠባብ ቦታ ከሆነ፣ ጨረሩን ወዲያ ወዲህ የሚያወዛውዘው ማግኔት ቆሞ ወይም ጠቦ ሊሆን ይችላል። በሰፊው ከጠቆረ የማቀዝቀዣ አየሩን ነፋሽና ማጣሪያውን ፈትሹ። መንስኤው ሳይስተካከል የገባ አዲስ ፎይል ብዙ አይቆይም።

ከረንቱ ደህና ነው፣ ዶዙ ግን ቀንሷል

ዶዝ (ዕቃው የሚቀበለው የጨረር መጠን) በከረንት ይጨምራል፤ ዕቃውን በጨረሩ ስር በሚያሳልፈው ኮንቬየር ፍጥነትና በስካን (ጨረሩ በሚወዛወዝበት) ስፋት ይቀንሳል። ስለዚህ ኮንቬየሩን በሰዓትና በሜትር ለኩት። ስክሪኑ የሚለውን ብቻ አትመኑ። ፍጥነቱና የስካኑ ስፋት ደህና ከሆኑ ጨረሩ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ በአሉሚኒየም ዊጅ (ከቀጭን ወደ ወፍራም በሚሄድ ቁራጭ) እና በዶዝ ፊልም (ጨረር ሲነካው ቀለሙ በሚለወጥ ፊልም) ለኩ። 10 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ጨረር ውሃ ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል። ጥልቀቱ ካጠረ ኢነርጂው ወርዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው የውሃው ሙቀት የሚመጣው። በ2856 ሜጋኸርትዝ በሚሠራ የመዳብ ሊኒያክ (ኤሌክትሮኖችን በማይክሮዌቭ በቀጥታ መስመር በሚያፈጥን አክሰለሬተር)፣ የ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ የማስተጋቢያውን ድግግሞሽ 50 ኪሎኸርትዝ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ማይክሮዌቩ በልኩ አይገባም፣ ኢነርጂውም ይወርዳል። የውሃውን ሙቀት መቆጣጠሪያና ፍሰቱን አስተካክሉ፤ ከዚያ ድግግሞሹን መልሳችሁ አግጥሙ።

ከፍተኛ ቮልቴጁ ብልጭ እያለ ይጠፋል

በሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ (ኤሌክትሪክ እንዳይዘል በሚከለክል ጋዝ) በተሞላ ታንክ የጋዙን ግፊትና እርጥበት አስቀድማችሁ እዩ። ታንኩን ከመክፈታችሁ በፊት ካፓሲተሮቹ ያከማቹትን ኤሌክትሪክ ከመሬት በተያያዘ ዘንግ አፍስሱ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል፤ አየሩ ሳይለወጥ አትውረዱ።

ኢንተርሎክ (በር ሲከፈት ጨረሩን የሚያጠፋው የደህንነት መቆለፊያ) ማሽኑን ካቆመ

የበሩን ስዊችና ሽቦውን ፈትሹ፤ በሽቦ አቋርጦ ማለፍ ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ጨረሩ ከጠፋ በኋላም ክፍሉ ውስጥ ኦዞን ይቀራል። የአየር ማስወጫው የተሰጠውን ጊዜ ሳይጨርስ በሩ አይከፈትም።