ዳፊና ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዳፊና የሞሮኮ አይሁዳውያን የሰንበት ምግብ ነው። ስኽና የሚሉትም አሉ። ሥጋ፣ ሽምብራ፣ ድንች፣ ስንዴና ከነቅርፊቱ ያለ እንቁላል በአንድ ድስት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይጣዳል፤ ክዳኑ የሚነሳው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 አይሁዳውያን ከስፔን ከመባረራቸው በፊትም እዚያ ይበስል ነበር፤ ክርስትና ተቀብለው የቀሩትን የካቶሊክ የሃይማኖት ችሎቱ ኢንኩዊዚሽን ሲመረምር፣ ዓርብ የተጣደ እንዲህ ያለ ድስት በድብቅ የአይሁድን ሕግ ለመጠበቃቸው በማስረጃነት ይቀርብባቸው ነበር።

በሰንበት ማብሰል ክልክል ስለሆነ ስህተቱ የሚሠራው ዓርብ፣ የሚታየው ቅዳሜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማረሚያ የለውም። ስለዚህ ጀምበር ሳትጠልቅ መስተካከል ያለባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንይ።

መጠኑ ለስድስት ሰው በ8 ሊትር ድስት ነው፦ ሽምብራ 400 ግራም፣ የበሬ ፍርምባ 1.2 ኪሎ፣ 2 ቅልጥም፣ መካከለኛ ድንች 8፣ እንቁላል 8፣ የተሸከሸከ ስንዴ 300 ግራም፣ ሽንኩርት 2፣ ቴምር 5፣ ነጭ ሽንኩርት 1 ራስ፣ ፓፕሪካ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ እርድና ከሙን አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ፣ ቀረፋ ሩብ የሻይ ማንኪያ።

«ሌሊቱን ሙሉ ስለሚበስል ሽምብራው መዘፍዘፍ አያስፈልገውም» ማለት

ያስፈልገዋል። የሌሊቱ እሳት ዝግ ያለ ነው፤ ደረቅ ሽምብራ በዚያ ሙቀት ላዩ ለስልሶ መሐሉ ይጠጥራል። 12 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውኃው ላይ ቢጨምሩ ቆዳው ይላላል፣ በኋላ ግን በደንብ ያለቅልቁት። ቲማቲምና ሎሚ አይግባበት፤ ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ያጠጥራል። በሽምብራ ፋንታ ቀይ ቦሎቄ የሚያስገቡ ካሉ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ለ30 ደቂቃ በኃይል መፍላት አለበት። ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ሆድ የሚያውክ መርዝ አለው፤ ዝግ ያለ ሙቀት ብቻውን አያጠፋውም።

ቀይ ሥጋ መምረጥና ቅቤ መጨመር

ለጥብስ የሚሆን ጮማ የሌለው ሥጋ ከ15 ሰዓት በኋላ እንደ ክር ይበጣጠሳል። ፍርምባና የባት ሥጋ ጅማታቸው ቀልጦ መረቁን ያወፍረዋል። በ300 ግራም ይቁረጡት እንጂ ለወጥ እንደሚከተፈው አያድቅቁት። ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ የአመጋገብ ሕግ የተዘጋጀ ሥጋ ደሙ እንዲወጣ በጨው ስለሚታሽ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ለድስቱ ይበቃል። የሐበሻ እጅ ወደ ንጥር ቅቤ መሄዱ አይቀርም፤ በዚሁ ሕግ ግን ሥጋና ወተት ነክ ነገር አይገናኙም። 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጠቀሙ።

የስንዴውን ከረጢት ጢም አድርጎ መሙላት

ይህ ብዙ ድስት ያበላሸ ስህተት ነው። ስንዴው በ2 ማንኪያ ዘይት፣ በትንሽ ፓፕሪካ፣ በጨውና ባልተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ታሽቶ በስስ ንጹሕ ሻሽ ይታሰራል። ውኃ ሲጠጣ ከእጥፍ በላይ ስለሚያብጥ፣ ከረጢቱ ግማሹ ባዶ ሆኖ ጫፉ ላይ መቋጠር አለበት። ጠበቅ ብሎ የታሰረ ወይ ይፈነዳና መረቁን ገንፎ ያደርገዋል፣ ወይ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ከረጢቱ መረቅ ውስጥ መጥለቁንም ያረጋግጡ፤ ከመረቁ በላይ የቀረው ክፍል ደርቆ ያድራል።

እንቁላሉን ከማቀዝቀዣ አውጥቶ በቀጥታ መክተት

ቀዝቃዛ እንቁላል የፈላ መረቅ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቀደም ብለው አጥበው ያውጡት፤ ድስቱ ምድጃ ላይ ተንተክትኮ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ ኦቨን ሳይገባ፣ ከሁሉም በላይ ቀስ አድርገው ይደርድሩት። ቅዳሜ ነጩ ቡናማ ሆኖ ካልተገኘ ሙቀቱ አንሷል ወይም ሰዓቱ አጥሯል፤ ቀለሙ የሚመጣው በውስጡ ያለው ጥቂት ስኳርና ፕሮቲን በረጅም ሙቀት ሲዋሃዱ ነውና። በግሪክ ሰሎኒካና በቱርክ ኢዝሚር አይሁዳውያን ልማድ እንቁላሉን ለብቻው ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ይቀቅሉታል።

ድስቱን ሳያፈሉ ኦቨን ውስጥ መክተት

ቅልጥሙና ሽምብራው ከታች፣ ሥጋው ከላያቸው፣ ልጣጩ የተነሳ ግን ያልተቆረጠ ድንች ዳር ዳሩን፣ ከረጢቱ መሐል ይሁን። ቀይ እስኪሆን የተጠበሰው ሽንኩርት፣ ቴምሩና ቅመሙ ይግቡ። ቀለሙን የሚሰጡት ሽንኩርቱና ቴምሩ ስለሆኑ በርበሬ አይጨምሩበት። ውኃው ሁሉንም ሸፍኖ በሁለት ጣት ያህል ይለፍ። አፍልተው አረፋውን ይግፈፉ፣ ከዚያ በምድጃ ላይ አንድ ሰዓት ይንተክተክ። ጥሬው በቀጥታ ኦቨን ቢገባ ለመሞቅ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ በዚያ መካከል ሥጋው ሊበላሽ ይችላል። ደግሞም ሕጉ ራሱ ምግቡ ከሰንበት በፊት ቢያንስ በከፊል እንዲበስል ይፈልጋል።

ከዚያ በድስቱ አፍ ላይ ፎይል ወጥረው፣ ክዳኑን ገጥመው 105 ዲግሪ ላይ ያስገቡት። 130 ላይ ያደረ ድስት መረቁ አልቆ ታቹ ያራል። ድሮ በፌዝና በሌሎች ከተሞች የአይሁድ ሰፈር ድስቱ ወደ ጋራ ምድጃው፣ ወደ ፈራን፣ ይወሰድ ነበር። የፈራኑ ፍም ሌሊቱን እየከሰመ ስለሚሄድ አያሳርርም፤ የኤሌክትሪክ ኦቨን ግን ያዘዙትን ሙቀት አይቀንስም። በእስራኤል ቤቶች የተለመደው የሰንበት ፕላታ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰሌዳ፣ የሚያሞቀው ከታች ብቻ ነው፤ ለእሱ ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት ይምረጡ።

በጎንደር የኖሩ ቤተ እስራኤሎች እሳቱን ዓርብ አጥፍተው በሰንበት የቀዘቀዘ ይበሉ ስለነበር፣ እሳት ላይ የሚያድር ምግብ ለአንዳንዱ ቤት እንግዳ ነው። በሞሮኮውያን ልማድ የተጣደው ይደር፣ ግን አይነካ። ሌሊት ከፍቶ ማማሰል ሕጉንም ይጥሳል፣ ድንቹንም ያፈርሳል።

የቱኒዝ አይሁዳውያን የቆስጣ ወጥ፣ ትፊና ፕካይላ፣ ደግሞ በሌላ ስህተት ትበላሻለች፦ ቆስጣውን ቶሎ ማውጣት። ሁለት ኪሎ ቆስጣ በብዙ ዘይት ወደ ጥቁር እስኪጠጋ መጠበስ አለበት፤ አረንጓዴ ሆኖ ከቀረ ወጡ ውኃ ውኃ ይላል።

ሲቀርብ ሁሉንም በአንድ ሳህን አይቀላቅሉት። እንቁላሉና ድንቹ በአንድ ሰሃን ከጨውና ከከሙን ጋር፣ ስንዴው በሌላ፣ ሥጋውና ሽምብራው ከነመረቁ በጎድጓዳ ሳህን ይቅረቡ። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ።