አዲስ የተወለደ ህፃን የደም ስኳሩ እንዳይወርድ እንዴት እንጠብቀው?

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከምጥ በፊት ነው። የስኳር ህመም ካለብዎት፣ በእርግዝናው ጊዜ ስኳር ከታየብዎት ወይም ለደም ግፊት ላቤታሎል የሚወስዱ ከሆነ ለአዋላጇ አስቀድመው ይንገሩ። ካርዱ ላይ ተጽፏል ብለው አይተዉት።

ልጁ እንደተወለደ ክብደቱን ይጠይቁ። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ፣ ከ2.5 ኪሎ በታች የሆነ፣ ሲወለድ የታፈነ፣ ብርድ የመታው ወይም ኢንፌክሽን የያዘው ህፃን በሰውነቱ ያለው የስኳር ስንቅ ቶሎ ያልቅበታል። ይህን ብዙ ሰው ይገምታል። የሚያዘናጋው ትልቁ ልጅ ነው። ከ4 ኪሎ በላይ ሲመዝን ቤተሰቡ «እሰይ፣ ምን የመሰለ ልጅ!» ይላል። ነገር ግን የእናቱ ስኳር ከፍ ብሎ ከነበረ፣ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚጎርፍለትን ስኳር ለመቋቋም የህፃኑ ቆሽት የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን በብዛት ማመንጨት ለምዷል። እትብቱ ሲቆረጥ ስኳሩ በአንዴ ይቋረጣል፤ ኢንሱሊኑ ግን ወዲያው አይቀንስም።

ስለዚህ ህፃኑን አድርቀው፣ ኮፍያ አጥልቀው፣ ራቁቱን ደረትዎ ላይ ያስተኙትና ከላይ ያልብሱት። ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይጠብቁ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይስጡት። ቢጫው እንገር ታልቦ ሲደፋ፣ በምትኩ ልጁ ቅቤ ሲልስ ወይም ስኳር ተበጥብጦ ሲሰጠው ማየት ያንገበግበኛል። እንገሩ ጥቂት ቢመስልም የህፃኑም ሆድ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ተኝቶም ቢሆን ቀስቅሰው ያጥቡት። መጥባት ካቃተው አልበው በኩባያ ስለ መስጠት ነርሷን ያማክሩ።

ከላይ ካነሳኋቸው አንዱ የሚመለከተው ልጅ ደህና ቢመስልም ስኳሩ ይለካለት ዘንድ ይጠይቁ፤ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊወርድ ይችላልና። ምርመራው ከተረከዙ የሚወሰድ አንዲት ጠብታ ደም ነው። በብዙ ቦታ ከ45 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ዝቅ እንዳለ ይቆጠራል።

ልጁ ከዛለ፣ ለቅሶው ከደከመ፣ መጥባት ከተወ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ አይጠብቁ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ካዩ በቀስታ ይያዙለት። ሲይዙት ካልቆመ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊሆን ስለሚችል ይበልጥ ያስፈራል፤ ቢቆምም ስኳሩ መለካት አለበት። ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ይጥሩ፤ ቤት ከሆኑ ደረትዎ ላይ እንዳቀፉት፣ መዋጥ ከቻለ እያጠቡት፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።