ሐር ከመቀስ ሥር እንዳይንሸራተት

ቁርጥራጭ ሐር ገጣጥማችሁ የሶፋ ትራስ ወይም የአልጋ ልብስ የምትሰፉ፣ ይቺን ሞክሯት። ሐር መቀስ ሲነካው ይሸሻል። አራት ማዕዘን ብላችሁ የቆረጣችሁት ጠማማ ሆኖ ይወጣል፤ ስትገጥሙት ጥጉ አልገናኝ ይላል።

መፍትሔው ስስ ወረቀት ነው። አዲስ ጫማ ተጠቅልሎበት የሚመጣው ዓይነት ይበቃል። ሐሩን ወረቀቱ ላይ አንጥፉ፣ በቀጭን ስፒል ያዙትና ሁለቱን አንድ ላይ ቁረጡ። ስፒሉን ከስፌቱ መስመር ውጪ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ አስገቡ፤ ሐር አንዴ ከተበሳ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ እንደታየ ይቀራል። ከዚያ ወረቀቱን ሳታነሱ ስፉት። የማሽኑን ስፌት ወደ 2 ሚሊ ሜትር አሳጥሩ። ቀዳዳው ስለሚቀራረብ ወረቀቱ በኋላ በቀላሉ ይቀደዳል።

የሐር ክር ልስልስ ስለሆነ ጨርቁ ቦታው ላይ አይረጋም፤ በሰያፍ ሲቆረጥ ደግሞ ይለጠጣል። ወረቀት ግን አይለጠጥም፤ ሐሩንም ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ጋዜጣ እንዳትጠቀሙ፣ ቀለሙ ይለቃል። ጨርቁ ያረጀ ሻርፕ ወይም የሳሳ ቀሚስ ከሆነም ይሄን ዘዴ ተዉት፤ ወረቀቱን ስትቀዱ ሐሩም አብሮ ሊተረተር ይችላል። ለእሱ ከጀርባው በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ይሻላል።