የጊታር አምፕ ቲዩብ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ያለ አደጋ ይቀየራል

የጊታር አምፕ (የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ) ድምፁ ሲደክም ወይም መንጫጫት ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲዩቡ፣ ማለትም ውስጡ ያለው እየሞቀ ድምፁን የሚያጎላው የመስታወት ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜም ጥርጣሬው ልክ ነው። ቢሆንም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የግድግዳውን ኮረንቲ አረጋግጡ። ቮልቴጁ ካልተስተካከለ አዲሱም ቲዩብ ዕድሜ አይኖረውም።

የአምፑን ጀርባ አንብቡ። ለጃፓን የተሠራው 100፣ ለአሜሪካ የተሠራው 120፣ ለአውሮፓ የተሠራው 230 ቮልት ይላል። አንዳንዱ መምረጫ አለው። 120 ብቻ የሚል ከሆነና ሶኬታችሁ 230 ከሆነ፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። አምፑ ላይ ከተጻፈው የፍጆታ ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚችል ይሁን፤ ልክ ልኩን የተገዛ ትራንስፎርመር ሲግል ያመሻል። መምረጫውን ከ120 ወደ 230 ካዞራችሁ ደግሞ ፊውዙም አብሮ ይቀየራል። 2 አምፒር የነበረው በግማሽ ወርዶ 1 አምፒር ይሆናል። የተቃጠለ ፊውዝ ቦታ ላይ ሽቦ መጠምጠም ቤት ማቃጠል ነው።

“እምምም” የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት የሶኬቱን ግራውንድ የሚያነሱ ሰዎች አሉ። ፈጽሞ አታድርጉት። የጊታሩ ክር በገመዱ በኩል ከአምፑ ሻሲ (ከብረት አካሉ) ጋር ተገናኝቷል። ሻሲው ኮረንቲ ከያዘ፣ እጃችሁ ክሩ ላይ እያለ ከንፈራችሁ ማይክሮፎኑን ሲነካ ኮረንቲው በእናንተ ውስጥ ያልፋል።

አሮጌ አምፕ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት የሶኬት ቮልቴጅ ከዛሬው ዝቅ ባለበት ዘመን ነው። በ220 የታሰበ አምፕ 240 ሲገባበት፣ 6.3 መሆን የሚገባው የቲዩቡ ማሞቂያ ቮልቴጅ ወደ 6.9 ይጠጋል። ይህ የሚፈቀደው ጫፍ ነው። የፕሌቱም (በቲዩቡ ውስጥ ኮረንቲውን የሚቀበለው ብረት) ቮልቴጅ አብሮ ይወጣል። በቴስተር ለኩትና ከፍ ብሎ ካገኛችሁት መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

አሁን ወደ ቲዩቡ። አምፑን አብርታችሁ ትንንሾቹን ቲዩቦች አንድ በአንድ በእርሳስ ጀርባ በስሱ መታ መታ አድርጉ። ደህናው ትንሽ “ጧ” ይላል፣ ያልፋል። የተበላሸው እንደ ደወል ይጮኻል፣ ወይም ይንጫጫል። የመስታወቱ ጫፍ ላይ ያለው የብር ቀለም ወደ ነጭነት ከተቀየረ አየር ገብቶበታል፤ እሱን ጣሉት። ሰማያዊ ብርሃን መስታወቱ ላይ ማየት ግን ችግር አይደለም። ውስጡ ያለው ፕሌት ከቀላ ግን ወዲያው አጥፉ።

ስትገዙ የሚበልጠው ዓይነቱ ነው፣ ብራንዱ ሁለተኛ ነው። ዛሬ የጊታር ቲዩብ በብዛት የሚመረተው ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ነው። ሶቭቴክ፣ ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስና ተንግ ሶል የሚሉት ስሞች የሚወጡት ከአንድ የሩሲያ ፋብሪካ ነው። ስለዚህ በስም ብቻ እጥፍ ዋጋ አትክፈሉ። ለፓወር ቲዩብ፣ ማለትም ስፒከሩን ለሚነዳው ትልቁ ቲዩብ፣ ግን የተመሳሰለ ጥንድ መግዛት ዋጋው ተገቢ ነው።

በፕሪአምፑ በኩል፣ ማለትም የጊታሩን ደካማ ሲግናል መጀመሪያ በሚያጎሉት ትንንሽ ቲዩቦች፣ 12ኤኤክስ7፣ በአውሮፓ ስሙ ኢሲሲ83፣ አንድ ነው። የማጉላት አቅሙ 100 ገደማ ነው። ድምፁ በጣም ከሻከረባችሁ 70 ገደማ የሆነውን 5751 ሞክሩ፤ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ፓወር ቲዩብ ላይ ግን እንዲህ መጫወት አይቻልም። ኢኤል34 እና 6ኤል6 አንድ ዓይነት ሶኬት ላይ ይገባሉ፤ ገቡ ማለት ግን ይሠራሉ ማለት አይደለም። የኢኤል34 ማሞቂያ 1.5 አምፒር ይስባል፣ የ6ኤል6 ደግሞ 0.9። የአምፑ የራሱ ትራንስፎርመር ያልታሰበበትን ጭነት ከተሸከመ እሱ ይቃጠላል፤ እሱ ደግሞ ከቲዩቡ ይወደዳል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቦታ ባይስ ነው። ባይስ ጊታሩ ዝም ባለበት ጊዜ በፓወር ቲዩቡ ውስጥ ስንት ሚሊአምፒር እንደሚያልፍ ይወስናል። እንደ ቮክስ ኤሲ30 ያሉ በካቶድ (ቲዩቡ ውስጥ ኤሌክትሮን በሚለቀው ክፍል) የሚስተካከሉ አምፖች አዲሱን ቲዩብ ተቀብለው ራሳቸው ይይዙታል። እንደ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ያሉት ግን አዲስ ጥንድ ሲገባ መለካት አለባቸው። ስሌቱ ቀላል ነው። የኢኤል34 ፕሌት 25 ዋት ይችላል። ፕሌቱ ላይ 450 ቮልት ካለ፣ 25 ለ450 ሲካፈል 55 ሚሊአምፒር ገደማ ይመጣል። የዚያ 70 በመቶ 39 ነው። ከዚያ አትለፉ። እኔ 60 በመቶ ላይ አቆማለሁ፤ በድምፁ ልዩነቱን የሚሰማው ጥቂት ሰው ነው፣ ቲዩቡ ግን ረጅም ጊዜ ይቆያል። ካቶዱ ላይ 1 ኦም ሬዚስተር ካለ፣ ቴስተሩ የሚያሳየው ሚሊቮልት እንዳለ ሚሊአምፒር ነው።

ባይስ ስትለኩ አምፑ በርቶ ነው የምትሠሩት፣ ስፒከሩም መገናኘት አለበት። አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ቴስተሩና ገመዶቹ ቢያንስ 600 ቮልት የሚችሉ ይሁኑ፤ ርካሹን የአሻንጉሊት ቴስተር ለዚህ ሥራ አትጠቀሙ። ሽቦ ለመንካት ወይም ለመበየድ ስትፈልጉ ግን አጥፉ፣ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያም ካፓሲተሮቹ ውስጥ የተጠራቀመውን ኮረንቲ አፍስሱ። የነቀላችሁት አምፕ ውስጥ 400 ቮልት ቁጭ ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ካፓሲተሩን በካቻቪቴ ከሻሲ ጋር ማገናኘት ፍንጣሪ ያስነሳል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። 10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ሽፋን ባላቸው ክሊፖች አድርጉና አንዱን ጫፍ ሻሲ ላይ፣ ሌላውን ካፓሲተሩ ላይ ግማሽ ደቂቃ ያዙት። ቴስተሩን በጎን ካያያዛችሁ ቁጥሩ 380፣ 200፣ 60፣ 8 እያለ ሲወርድ ታያላችሁ። ካነሳችሁት በኋላ ትንሽ መልሶ ሊወጣ ስለሚችል ደግማችሁ ለኩ። እያንዳንዱን ካፓሲተር ለየብቻ።

ቲዩቡን ለመንቀል እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ቀጥ አድርጋችሁ እያወዛወዛችሁ አውጡ። አዲሱን ፓወር ቲዩብ ስታስገቡ ከሥሩ መሃል ያለውን ጉጥ (ቁልፉን) ከቀዳዳው ጋር አስተካክሉ። አብርታችሁ ክፍሉን አጨልሙና ፕሌቶቹ እንዳይቀሉ እያያችሁ ትንሽ ተጫወቱ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ባይሱን እንደገና ለኩ፤ አዲስ ቲዩብ ሲሞቅ ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል።