ኤጀንት ከመቀየራችሁ በፊት ውሉን ከመሳቢያ አውጡት

አዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ ያየሁት ወግ እንዲህ ነው። ለአንድ ደላላ ይነገራል፣ እሱ ለሌላው ያወራል፣ በሳምንቱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገዢ ያመጣው ኮሚሽኑን ይወስዳል፣ ያላመጣው "ይቅናችሁ" ብሎ ይሄዳል። ደላላ ተቀየረ አይባልም፣ ተጨመረ ነው የሚባለው። እኔም ይህንኑ ልማድ ይዤ ነው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብሪግስ ቼኒ አካባቢ ያለውን ታውንሃውሴን ሴፕቴምበር 8 ቀን 2023 በአንዲት ኤጀንት (የቤት ሽያጭ ወኪል) በኩል ለገበያ ያወጣሁት።

የምሸጠው በእናቴ ጉልበት ምክንያት ነበር። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፤ መኝታው ከላይ፣ ወጥ ቤቱ መሃል፣ እሷ የምትጸልይበት ክፍል ከታች። "ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ እንጦጦ?" ትለኝ ነበር።

በ41ኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀና ለሌላ ሐበሻ ኤጀንት ደወልኩ። "ውል ፈርመሻል?" አለኝ። አዎ አልኩ። "መቼ ነው የሚያልቀው?" ሲል ዝም አልኩ፤ አላውቀውም ነበር። "እሱን አንብቢና እናወራለን። ውል እያለሽ ቤቱን መውሰድ አልችልም" ብሎ በትህትና ሸኘኝ። ወረቀቱን ከወጥ ቤት መሳቢያ፣ ከፒዛ ኩፖኖች ሥር አወጣሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምናልባት ከእኔ ፈጥናችሁ ትነቁ ይሆናል።

ውሉ ምን ይላል

እዚህ አገር አብዛኛው ሻጭ የሚፈርመው "ኤክስክሉሲቭ ራይት ቱ ሴል" የሚባለውን ነው። ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ገዢውን ማንም ያምጣ ማን፣ ጎረቤትም ይሁን የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ኮሚሽኑ የፈረማችሁለት ድርጅት ነው። "ኤክስክሉሲቭ ኤጀንሲ" የሚባለው ግን ይለያል፤ ገዢውን ራሳችሁ ካገኛችሁት አያስከፍላችሁም። የትኛውን እንደፈረማችሁ እዩ።

ቀጥሎ ቀኑን ፈልጉ። ሜሪላንድ ውስጥ ውሉ የሚያልቅበት ቀን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ቀኑ ሲደርስ ማንም ለማንም ሳያሳውቅ በራሱ ያበቃል። ቨርጂኒያም ቀን ይጠይቃል፣ ካልተጻፈ ደግሞ ውሉ በተፈረመ በ90 ቀን ያበቃል። የእኔ ማርች 8 ይል ነበር፣ ስድስት ወር ሙሉ። ለምን ስድስት ወር ፈረምሽ ካላችሁኝ፣ ቡና እየጠጣን ስለፈረምኩ ነው። የቀራችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ከሆነ ጠብ አያስፈልግም፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁትና ውሉን አታድሱ።

ከዚያ ከቀኑ በፊት ማቋረጥ ይቻል እንደሆነና ምን እንደሚያስከፍል የሚለውን አንቀጽ አንብቡ። አንዳንዱ የፎቶና የማስታወቂያ ወጪ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ምንም አይጠይቅም። አጠገቡ "ፕሮቴክሽን ፒሪየድ" የሚል ታገኙ ይሆናል። ውሉ ካለቀ በኋላም ለተወሰነ ቀን፣ በውሉ ዘመን ቤቱን አይቶ የነበረ ሰው ተመልሶ ቢገዛ ለመጀመሪያው ድርጅት ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቤቱን ለሌላ ድርጅት ከሰጣችሁ ይህ ግዴታ ይነሳላችኋል፤ ግን መጻፉን በዓይናችሁ እዩ፣ አለዚያ ሁለት ኮሚሽን ሊጠየቅባችሁ ነው።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ፊርማው ያለበት ቦታ ነው። ውሉ ከኤጀንቷ ጋር አልነበረም። ከምትሠራበት ድርጅት ጋር፣ ማለትም ድርጅቱን ከሚመራው ከብሮከሩ ጋር ነው። ኤጀንት መቀየርና ውል ማፍረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ማታ ነው የገባኝ። ይህን ያዙት፣ እመለስበታለሁ።

ጥፋቱ የኤጀንቷ ነው ወይ

ቤት አልሸጥ ሲል መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ሰው ላይ ነው። እኔ የጠቀመኝ ሰውን ትቼ ቁጥር መመልከቴ ነው። ቤቱን ለማየት ጭራሽ ሰው ካልመጣ ችግሩ ዋጋው ወይም ኢንተርኔት ላይ የወጣው ፎቶና መረጃ ነው፤ በሩን ሳይረግጥ ሽታችሁን የሚያውቅ የለም። እየመጡ ኦፈር (የግዢ ሐሳብ) ካላቀረቡ ቤቱ ራሱ ከዋጋው ጋር አልተስማማም። ኦፈር እየመጣ የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ ኢንስፔክሽኑን (የቤቱን ፍተሻ)፣ የገዢውን ብድርና ድርድሩን መርምሩ፤ እዚያ ላይ ጎበዝ ኤጀንትና ደካማ ኤጀንት ይለያሉ።

የእኔ እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 9 ሰዎች መጡ፣ ከዚያ ወር ሙሉ 2። ኦፈር ዜሮ።

አንድ ሌሊት ልጄ ዚሎው በሚባለው የቤት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ቤታችንን ስትፈልግ ልታገኘው አልቻለችም። በአድራሻ ስትገባ አለ፤ "ሦስት ባዝሩም" ብላ ስትፈልግ የለም። ለካ ሦስት ሙሉ መታጠቢያ ያለው ቤት ሁለት ተብሎ ተመዝግቧል! ሦስት የሚፈልግ ገዢ ሁሉ ለስድስት ሳምንት ቤቴ መኖሩን አላወቀም። ፎቶዎቹ በስልክ የተነሱ ናቸው፣ መጋረጃው ተዘግቶ፣ አንዱ ላይ የሽንት ቤቱ ክዳን እንደተከፈተ። ይህ የኤጀንቷ ጥፋት ነው፣ ምንም ማስተባበያ የለውም።

ግን ሁሉንም በእሷ ላይ መጫን አልችልም። ያን ኦክቶበር መጨረሻ የ30 ዓመት ሞርጌጅ አማካይ ወለድ እንደ ቤት ብድር ድርጅቱ ፍሬዲ ማክ መረጃ 7.79 በመቶ ደርሶ ነበር። በ2021 ጃንዋሪ 2.65 በመቶ ነበር። 400,000 ዶላር ለሚበደር ሰው ይህ ማለት በወር 1,612 ገደማ ይከፍል የነበረው 2,877 ገደማ ሆነበት፤ ታክስና ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር። የትኛውም ኤጀንት ይህን አይቀይርም። እናንተም የሰፈራችሁን ተመሳሳይ ቤቶች እዩ። እነሱ እየተሸጡ የእናንተ ብቻ ከቆመ ነገሩ ከእናንተ ዘንድ ነው፤ ሁሉም ከቆመ ኤጀንት መቀየር የታክሲ ሹፌር በትራፊክ ውስጥ እንደመቀየር ነው።

ይሉኝታ

ኤጀንቷ የማኅበር እህቴ ናት። ልጄ ስትመረቅ ድፎ ዳቦ ጋግራ ያመጣች ሰው ናት። እንዴት ነው "ሥራሽ አልጣመኝም" የሚባለው? ሦስት ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ልጆች አውርተን ተለያየን።

በመጨረሻ በጽሑፍ አደረግኩት። በማኅበር ቀን አይነገርም፣ ሰው ፊት ነው። በስልክም አይሆንም፣ እንደነገርኳችሁ ወሬው ወደ ልጆች ይሄዳል። ኢሜይል ጻፍኩላት፣ ያውም በእንግሊዝኛ፤ ነገሩ ብሮከሩ ዘንድ ከደረሰ እንዲነበብ። ይዘቱ ይህ ነበር፦ "ውድ እህቴ፣ ቤቱ ከወጣ 43 ቀን ሆነው። እስከ ኖቬምበር 3 አምስት ነገር እፈልጋለሁ። የመታጠቢያው ቁጥር ይታረም፣ በባለሙያ አዲስ ፎቶ ይነሳ። ባለፉት ሦስት ወራት በሰፈሩ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ዝርዝር ይላክልኝ። ቤቱን ያዩ ሰዎች የሰጡት አስተያየት አንድም ሳይቀር ይድረሰኝ። በየዓርቡ አሥር ደቂቃ እንነጋገር።" ስድብ የለበትም፣ "ለምን" የሚል ጥያቄም የለበትም። የሚቆጠር ነገርና ቀን ብቻ።

እናንተም ሁለት ሳምንት ስጡ፤ የሚሠራ ሰው በሁለት ሳምንት ይታወቃል።

ቁጥሩና ፎቶው በሦስት ቀን ተስተካከለ። ከዚያ አስተያየቶቹ መጡ። ከሰባቱ አምስቱ ስለ ሽታ ነው የሚያወሩት። "ጠንካራ የምግብ ሽታ፣ በተለይ ቤዝመንቱ።" የእናቴ ቁሌት! አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምንጣፉ ጠጥቶት ኖሯል፣ እኛ ለምደነው አይሸተንም። ወዲያው ደወልኩላት። "ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "እንዴት ብዬ ልንገርሽ?" አለች። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ስለ ሥራዋ አልነገርኳት፣ እሷ ይሉኝታ ይዟት ስለ ቤቴ አልነገረችኝ፤ ሁለታችን ተከባብረን ቤቱ ሳይሸጥ ከረመ።

የዓርቡ ስልክ ግን አንድም ጊዜ አልመጣም። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አላት፤ በዓመት ሁለት ሦስት ቤት ነው የምትሸጠው። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ጊዜ የላትም። ውሳኔዬን የወሰንኩት በዚህ ነው እንጂ በፎቶው አይደለም። ስህተት ይታረማል፣ የሌለ ጊዜ ግን ከየት ይመጣል?

ብሮከሩ ዘንድ

ቢሮ ቀጠሮ ስይዝ ለእሷ አስቀድሜ ነገርኳት፤ ከሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። ብሮከሩ ኢሜይሉን አንብቦ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ፦ የፎቶውን ወጪ ከፍዬ በጽሑፍ መልቀቂያ መውሰድ፣ ወይም እዚያው ቢሮ ውስጥ ወደ ሌላ ኤጀንት መዛወር። ሁለተኛውን መረጥኩ። ውሉ እንዳለ ቀጠለ፣ የማኅበር እህቴም ከኮሚሽኑ ድርሻ አገኘች፣ እኔም ዓይኗን ማየት ቻልኩ። ይህ መንገድ መኖሩን የሚያውቅ ሐበሻ ብዙም አልገጠመኝም፤ ብዙዎቻችን ወይ ተናድደን ውል እናፈርሳለን ወይ ዝም ብለን እንከርማለን።

አዲሱ ኤጀንት ካሜሩናዊ ነው። መጣ፣ ቤዝመንት ወረደ፣ አየሩን ሳብ አደረገና "እናቴም እንደዚህ ነው የምታበስለው" ብሎ ሳቀ። ከታንክስጊቪንግ በፊት ቤቱን ከገበያ አወጣን። ምንጣፉን በ2,900 ዶላር አስቀየርኩ፣ ግድግዳው ተቀባ፣ እናቴ ሁለት ሳምንት ወጧን እህቴ ቤት ሠራች። ዋጋውን ከ459,000 ወደ 444,900 አወረድነውና በጃንዋሪ መጀመሪያ መልሰን አወጣነው። በወሩ መጨረሻ በ447,000 ተስማማን።

ጀግናው እሱ ነው ብዬ ግን አልምልም። በዲሴምበር መጨረሻ ወለዱ 6.61 በመቶ ወርዶ ነበር። ምንጣፉም፣ ዋጋውም፣ ወለዱም ረድቷል፤ ማን ስንቱን እንደረዳ የሚለካ ሚዛን የለኝም። የቤቱ የዋጋ ታሪክም ዚሎው ላይ እንዳለ ነው፤ ኤጀንት ስለቀየራችሁ አይጠፋም፣ ገዢም ያየዋል።

ሁለት ሳምንት የማይሰጥበት

ኦፈር መጥቶ ሳይነገራችሁ ከቀረ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሙ ከተባላችሁ፣ የቤቱን ጉድለት ደብቁ ከተባላችሁ ቀነ ገደብ የለም፤ በዚያው ቀን ብሮከሩን አነጋግሩ። እሱ ካልሰማችሁ ሜሪላንድ ውስጥ የሪል ስቴት ኮሚሽኑ አቤቱታ ይቀበላል።

አዲስ ስትመርጡ ከሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠራላችሁን ተጠራጠሩ፤ ፊርማችሁን ለማግኘት ብሎ ጠርቶ በወሩ "እንቀንስ" የሚለው እሱ ነው። "ከበፊቷ ምን ለይተህ ትሠራለህ?" በሉት፤ መልሱ "ጠንክሬ እሠራለሁ" ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙት። ውሉን 90 ቀን አድርጉት። የማቋረጫውን አንቀጽ ከመፈረማችሁ በፊት ተደራደሩበት፣ ኮሚሽኑም ቢሆን በሕግ የተወሰነ አይደለም። ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ ደግሞ የገዢው ኤጀንት ክፍያ በኤምኤልኤስ (ኤጀንቶች ቤት በሚያስመዘግቡበት የጋራ መዝገብ) ላይ አይለጠፍም፣ ስለዚህ ገዢው "ለኤጀንቴ ክፈሉልኝ" ሲል ምን እንደሚመክራችሁ ኤጀንታችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁት።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለች የሥራ ባልደረባዬ እንደ እኔ አልተዛወረችም፣ ጨርሳ ወጣች። መልቀቂያው በብሮከሩ ፊርማ ተጽፎ መጣላት፤ ከጀርባው ቤቱን ያዩና ጥበቃው (ፕሮቴክሽን ፒሪየዱ) የሚመለከታቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ነበረበት። ስሞቹን አንድ በአንድ አንብቡ። እሷ ስታነብ ሁለተኛው ስም የባሏ ወንድም ሆኖ አገኘችው፤ ኦፕን ሃውሱ (ቤቱ ለማንም ክፍት የሆነበት) ቀን ኩኪስ ሊበላ ገብቶ መዝገቡ ላይ ፈርሞ ኖሯል። ገዢ አይደለም፣ ይሰረዝልኝ ብላ ጻፈች። ሰረዙት፣ ከዚያ ፈረመች።